ወርቅ ከፕላስቲክ ጋር አይስማማም

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት ሳለሁ፣ እናቴ ጠዋት የደም ስኳሯን የለካችባትን ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ልትጥላት ስትል ከእጇ ተቀብዬ በማጉያ መነጽር አየኋት። የላይኛውን ሽፋን በምላጭ ገልጬ ሳነሣው፣ በቀጭን ክፍተት የተለያዩ፣ ቢጫ ሆነው የሚያብረቀርቁ መስመሮች ታዩ። «እማዬ፣ ይህ እኮ ወርቅ ነው» አልኋት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ፣ «እና እኔ እስከ ዛሬ ወርቅ ስጥል ነው የኖርሁት?» ብላ ሳቀች። ሒሳቡን ሠርቼ አሳየኋት፤ ሽፋኑ 50 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ውፍረትና 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ክብደቱ ከ1 ሚሊ ግራም አንድ ዐሥረኛው ያህል ነው፤ 1 ግራም ለማጠራቀም 10,000 ያህል ቁራጮች ያስፈልጋሉ። «ተወው እንግዲህ፣ ቁርስህ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

የእኔም እንጀራ ያለው እንደዚያ ባለ ቀጭን መስመር ላይ ነው። የምሠራበት ቤተ ሙከራ ከባንክ ካርድ የማይበልጡ የመመርመሪያ መሣሪያዎችን ያዘጋጃል። ፕላስቲክ ላይ በተቀረጸ፣ ስፋቱ ከጠጉር ውፍረት ብዙም በማይበልጥ ቦይ ውስጥ የደም፣ የሽንት ወይም የውሃ ናሙና ይፈስሳል፤ በቦዩ ወለል ላይ የተዘረጋው የብረት መስመር ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ የሚፈለገውን ነገር በኤሌክትሪክ ምልክት ይነግረናል። በእናቴ ቁራጭ ላይ ኢንዛይሙ ከስኳሩ ኤሌክትሮኖችን ይቀበልና ሌላ አቀባይ ሞለኪውል ወደ ወርቁ ያደርሳቸዋል፤ መሣሪያው የሚያነበው የዚያን ጅረት መጠን ነው። ቦይ መቅረጽ ዛሬ ብዙ አያስቸግርም። ብረቱን በተፈለገው ቅርጽ ፕላስቲክ ላይ ማሳረፍና እዚያው እንዲቆይ ማድረግ ግን ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው።

ሙያው የተጀመረው በሲሊኮንና በመስታወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ቴሪና ባልደረቦቹ ጋዞችን ለይቶ የሚመረምር መሣሪያ በአንድ የሲሊኮን ገበታ ላይ ሠርተው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ሲባ-ጋይጊ በሚባል የኬሚካልና የመድኃኒት ኩባንያ ይሠራ የነበረው አንድሬያስ ማንዝ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ናሙና ከማዘጋጀት እስከ ውጤት ማንበብ ያለው የኬሚስትሪ ምርመራ ሁሉ በአንድ ጥቃቅን ሥርዓት ውስጥ እንዲጠቃለል የሚያቀርበውን ሐሳብ አሳተመ። መስታወት ለብረት ሥራ ደግ ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ አሴቶን የሚባለው አሟሚ ፈሳሽ ቢፈስስበት አይሰማውም። ይሁን እንጂ ቦይ ለመቆፈር ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚባለውን እጅግ አደገኛ አሲድ ይጠይቃል፣ ይሰበራል፣ አንዴ ተጠቅመው ለሚጥሉት ነገርም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ፕላስቲክ ዞሩ። ስንዞር መስታወት ላይ የተማርነውን ሁሉ ይዘን ሄድን፤ ግማሹ አልሠራም።

ወርቅን የምንመርጠው ስለማይዝግ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር ስለማይዋሃድ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል፤ አንድ ብረት ሌላ ገጽ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው ባለው ኦክስጅን በኩል ተያይዞ ሲሆን፣ ወርቅ ግን እጁን አይዘረጋም። ሥራውን በጀመርሁበት ዓመት ይህን ቃሉን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበር። በተወለወለ አክሪሊክ ላይ፣ እርሱም ማስታወቂያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ 100 ናኖሜትር ወርቅ አሳረፍሁ፤ ከማሽኑ ሲወጣ ፊቴን ያሳየኝ ነበር። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር ከመሳቢያው ፕላስተር አወጣና ወርቁ ላይ ለጥፎ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት ካደረገ በኋላ በዝግታ ሳበው። መስተዋቱ እንዳለ ከፕላስተሩ ጋር ተነሣ፤ አክሪሊኩ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ቀረ። ያን የፕላስተር ቁራጭ እስከ ዛሬ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ለጥፌ ይዤዋለሁ።

የተለመደው መፍትሔ ከወርቁ በፊት ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር የሚሆን ክሮም ወይም ቲታኒየም ማሳረፍ ነው። ሁለቱም ኦክስጅን ወዳድ ስለሆኑ ከታች ፕላስቲኩን፣ ከላይ ወርቁን ይይዛሉ። ለተራ የኤሌክትሪክ ሽቦነት ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ያልቃል። የእኛ መስመር ግን በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ቮልቴጅ የሚሰጠው ነው። በመስመሩ ጠርዝ ላይ ክሮሙ እንደ ኬክ ንብርብር ከጎን ራሱን ያሳያል፤ ፈሳሹ ያገኘዋል፣ ቮልቴጁም ያሟሟዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል፤ አንደኛ ከወርቁ መጣ ብለን የምናነበው ጅረት ውስጥ የክሮሙም ይቀላቀልበታል፣ ሁለተኛ ወርቁ ከጠርዙ እየተነሣ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ይጠቀለላል። በማይክሮስኮፕ ሥር ሲጠቀለል ማየት ያስደስታል፣ የራስ ሥራ ካልሆነ።

ስለዚህ እኔ በሚቻለኝ ሁሉ ክሮምን ትቼ በሞለኪውል ሙጫ እሠራለሁ። በአንዱ ጫፉ ሲሊኮን፣ በሌላው ጫፉ ድኝ የተሸከመ ሲሌን የሚባል የኬሚካል ዓይነት አለ፤ ወርቅ ከኦክስጅን ጋር ባይስማማም ከድኝ ጋር ግን የጸና ወዳጅነት ስላለው፣ ሞለኪውሉ በአንድ እጁ ፕላስቲኩን በሌላው ወርቁን ጨብጦ ይቆማል። ፕላስቲኩ ግን ለመጨበጥ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ለዚህም በኦክስጅን ፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል በተነቃቃ የኦክስጅን ጋዝ፣ ገጹን ለጥቂት ጊዜ እንነካዋለን፤ ፕላዝማው በገጹ ላይ ሲሌኑ የሚያያዝባቸውን ኦክስጅን ያዘሉ ቡድኖች ይፈጥራል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ደቂቃ ጥሩ ከሆነ ዐሥር ደቂቃ የበለጠ ጥሩ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። ሲበዛ ማር ይመራል፤ ፕላዝማው ሲረዝም የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይበጣጥስና ገጹ ላይ እንደ ብናኝ የላላ ንብርብር ይተዋል፣ ወርቁም በጽኑ የሚጣበቀው በዚያ ብናኝ ላይ ይሆናል። ፕላስተሩ ሲሳብ ብናኙም ወርቁም አብረው ይነሣሉ።

ሙቀትም ሌላው ነገር ነው። አክሪሊክ 105 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ 147 አካባቢ። ከመለስለሱ በፊትም ቢሆን ይሰፋል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 70 እጅ ያህል ሲሰፋ፣ ወርቅ ግን ከሚሊዮን 14 እጅ ብቻ ነው የሚሰፋው። 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአክሪሊክ ገበታ በ50 ዲግሪ ቢሞቅ 0.35 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በላዩ ያለው ወርቅ በራሱ ፈቃድ የሚረዝመው 0.07 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው ቀጭኑ ነው፤ ወርቁ ዝናብ እንደ ራቀው ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ በዐይን አይታይም፤ በኦም መለኪያ ግን ወዲያው ይታወቃል። በዚህ ላይ አክሪሊክ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ቫኪዩም (አየሩ ተስቦ የወጣለት የማሽኑ ክፍል) ውስጥ ሲገባ ያን እርጥበት እያስተነፈሰ ማሽኑን ያዘገያል፣ ሽፋኑንም ያበላሻል። እኔ ሁልጊዜ በ80 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሳይክሊክ ኦሌፊን ኮፖሊመር የሚባለው ፕላስቲክ እርጥበት የማይቀበል ከመሆኑ የተነሣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ዋጋው ግን ከአክሪሊክ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ ቅርጽ ማውጣቱ ልምጣ። በመስታወት ላይ የሚሠራበት ዋናው መንገድ በብርሃን ነው፤ ፎቶሬዚስት የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፣ ይጋገራል፣ በንድፉ በኩል አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል፣ ከዚያ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ታጥቦ ይገለጣል፣ በሁሉም ላይ ወርቅ ይለበጣል፣ በመጨረሻ ሬዚስቱ በአሴቶን ይሟሟል። የአገራችን ወርቅ ሠሪ ከሰም ቅርጽ አውጥቶ ወርቁን በሰሙ ቦታ ይተካል፤ በዚህኛው መንገድ ግን ወርቅ የሚተርፈው ሰም ባልነበረበት ቦታ ነው፣ በሰሙ ላይ የተቀመጠው ወርቅ ከሰሙ ጋር ይሄዳል። ዘዴው ግሩም ነው፤ 2 ወይም 3 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር ሺሕኛ ነው) ስፋት ያለው መስመር ያለ ችግር ያወጣል።

አክሪሊክ ላይ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። ሬዚስቱ የሚጋገረው ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 115 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ይህም አክሪሊኩ የሚለሰልስበት ሙቀት ነው። ይህን ሙቀቱን ቀንሶ ጊዜውን በማርዘም ማለፍ ይቻላል። አሴቶኑን ግን ማለፍ አይቻልም። አሴቶን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ነው፤ አክሪሊክንም ያሟሟል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ቀን ማታ፣ የሦስት ቀን ሥራ በእጄ ይዤ፣ ለሳይክሊክ ኦሌፊን የተዘጋጀውን የሥራ ቅደም ተከተል ወረቀት እየተከተልሁ አክሪሊኩን አሴቶን ውስጥ ነከርሁት። መጀመሪያ ከጠርዙ ነጭ ደመና ተነሣ፤ ከዚያ ገጹ ተሸበሸበ፤ መስመሮቹ በተሸበሸበው ላይ እንደ ወንዝ እየተጣመሙ ሄዱ። ብርጭቆው ውስጥ እያየሁት ቆምሁ እንጂ ለማውጣት እንኳ አልቸኮልሁም፤ የሚድን ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ የአክሪሊክ ቁራጭ ጥግ ላይ በመርፌ ትንሽ መስቀል እጭራለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ለምርመራ መሣሪያ 2 ማይክሮሜትር መስመር የሚያስፈልገው ስንት ጊዜ ነው? ቦዩ ራሱ 50 ወይም 100 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። አብዛኛው ሥራ በ100 ማይክሮሜትር መስመር ያለ ምንም ጉድለት ያልቃል፤ ለዚያ ደግሞ ብርሃንም፣ ሬዚስትም፣ አሴቶንም አያስፈልግም። ከቀጭን የማይዝግ ብረት በሌዘር የተበሳሳ ማስክ ፕላስቲኩ ላይ ይታሰርና ሁለቱ አብረው ቫኪዩም ውስጥ ይገባሉ። ወርቁ ከተንግስተን ብረት በተሠራ፣ ጀልባ በምንለው ትንሽ የማቅለጫ ዕቃ ላይ 1,064 ዲግሪ አልፎ ቀልጦ ይተናል፣ በቀዳዳዎቹ ያለፈው ብቻ ፕላስቲኩ ላይ ያርፋል። ጥንቃቄ የሚሻው ማስኩ ከፕላስቲኩ ጋር ጥብቅ ብሎ መተኛቱ ነው፤ ትንሽ ከተነሣ ወርቁ በሥሩ እየሾለከ ጠርዙን ያደበዝዘዋል። የጋለው ጀልባ ብርሃንም ፕላስቲኩን ያሞቀዋል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ከመጨረስ ጥቂት ናኖሜትር አሳርፎ ማረፍ፣ እንደ ገና መቀጠል ይሻላል። እናቴ የምትጠቀምባት ዓይነት ቁራጭ በብዛት የሚመረትበት አንዱ መንገድ ደግሞ ከዚህ ተቃራኒው ነው፤ ረጅም የፖሊስተር ጥቅልል መላ ገጹ በብረት ይለበጣል፣ ከዚያ የሌዘር ብልጭታ የማይፈለገውን ክፍል በቅጽበት ያተንነዋል። ብረቱ እጅግ ስስ ስለሆነ፣ ሙቀቱም ወደ ፕላስቲኩ ለመግባት ጊዜ ስለማያገኝ፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ሳይቀልጥ ይቀራል።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የብራዚሎቹ ነው። በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ሉሲዮ አንግነስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለመቅጃ የሚሸጠው ባዶ ሲዲ በውስጡ ያለው የወርቅ ሽፋን ጥሩ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ከፈሳሹ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበል ብረት፣ እንደሚወጣው አሳዩ። ነገሩን ልብ ይበሉት፤ ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊካርቦኔት ሳህን ነው፤ በላዩ የቀለም ንብርብር፣ በዚያ ላይ የብረት ሽፋን፣ ከሁሉ በላይ ቨርኒሽ አለው። ብረቱ ወርቅ በሆነበት ሲዲ ላይ፣ እኛ በሚሊዮን በሚገመት ማሽን የምንለፋበትን ሥራ ፋብሪካው ጨርሶ፣ አሽጎ፣ በሱቅ ዋጋ ሸጦልናል ማለት ነው። ቨርኒሹን ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ያነሣዋል፤ ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ወርቅን እንደማይነካ ደግሞ ወርቅ በአሲድ የሚፈትን ሁሉ ያውቀዋል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ያሳፍራል፤ ወርቃማ የመሰለኝን ሲዲ ገዝቼ፣ በመቀስ ቆራርጬ፣ በቤተ ሙከራው የጭስ ማስወጫ ሥር አሲዱን ጠብ አደረግሁበት፤ ትንሽ ቆይቶ ቢጫውም ብረቱም ጠፍቶ ከሥሩ ያለው ወረቀት በጠራው ፕላስቲክ ውስጥ ታየኝ። ለካ ብረቱ ብር ኖሯል፤ ወርቅ ያስመሰለው የቀለሙ ንብርብር ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የብር ሲዲ ነው፤ ወርቁ የሚገኘው ለረጅም ጊዜ ማኅደር ተብለው በሚሸጡት ላይ ነው። እውነተኛውን ካገኘሁ በኋላ ግን ሥራው እንደ ተጻፈው ሆነ፤ ቨርኒሹ እንደ ቆዳ ተነሣ፣ ወርቁ በውሃ ታጥቦ ያለ እንከን ቀረ።

ቅርጹን ለማውጣት ደግሞ ሌዘር ፕሪንተር ይበቃል። ንድፉ በሚያንሸራትት ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ወረቀቱ ወርቁ ላይ ተደፍቶ በካውያ ይተኮሳል፣ ቶነሩ፣ ማለትም የፕሪንተሩ የዱቄት ቀለም፣ ከወረቀቱ ወደ ወርቁ ይሻገራል። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ በሚያትም ፕሪንተር አንዷ ነጥብ 42 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ሊታመን የሚችለው መስመር 150 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ቁራጩ በአዮዲንና በፖታሲየም አዮዳይድ ድብልቅ ውስጥ ይነከራል፤ ቁስል ላይ የሚቀባውን አዮዲን የሚመስል ቡናማ ፈሳሽ ነው፤ በተለመደው መጠን ሲዘጋጅ በደቂቃ 1 ማይክሮሜትር ያህል ወርቅ ይበላል። የሲዲው ወርቅ የዚህ አንድ ዐሥረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ስልክ ለማንሣት ዞር ማለት አይገባም፣ ቶነሩ ሥር ገብቶ መስመሩን ከጎን ይበላዋልና። እኔ ፈሳሹን በውሃ አቅጥኜ እሠራለሁ፤ ዐይኔ ሊከተለው በሚችል ፍጥነት ይሄዳል። ቶነሩንም በሙሉ አላነሣውም፤ መስመሩ ከፈሳሹ እንዲለይ በተፈለገበት ቦታ እንደ ልባስ ያገለግላልና ኤሌክትሮዱ በሚገለጥበት መስኮት ላይ ብቻ በጥጥ ፈጥኜ እጠርገዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ «ይህን ሁሉ እኛ አገር የምንሠራው በምን ወርቅ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያለ ወርቅ የሚሠራም እንዳለ ነገርሁት። ፈሳሹን ሳይነካ፣ ከቦዩ ውጭ ሆኖ የኤሌክትሪክ መተላለፉን የሚለካ ዘዴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በአውሮፓ አንዱ ራሷ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ፣ ካፒላሪ ለሚባለው እንደ ጠጉር ለቀጠነ ቱቦ ያቀረቡት ነው። ኤሌክትሮዱ ከፈሳሹ ጋር ስለማይገናኝ መዛጉም መነሣቱም ስጋት አይደለም፤ ከጀርባው ሙጫ ያለው የመዳብ ፕላስተር ተቆርጦ ቢለጠፍ ይሠራል። ጨዎችን ለመለካት ከወርቁ መንገድ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ። እንደ ስኳር ያለ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የሌለው ነገር ግን በተራ ሁኔታ በዚህ መንገድ አይታይም።

መስመሩ ካለቀ በኋላ ክዳን ይደረግበታል፤ ቦይ ያለበት ሌላ ፕላስቲክ በላዩ ይደፋና በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል። 100 ናኖሜትር ወርቅ ለክዳኑ ምንም ማለት አይደለም፤ ፕላስቲኩ ይውጠዋል። በስክሪን ኅትመት የተሠራ 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የብር ቀለም ግን እንደ ጠጠር ክዳኑን ያነሣዋል፣ ፈሳሹም በመስመሩ ግራና ቀኝ እየሾለከ ይወጣል። ርካሹ ቀለም ርካሽ የሚሆነው ይህ ፍሳሽ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ፈተናው የሚጀምረው በኦም መለኪያ ነው። 100 ማይክሮሜትር ስፋት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 100 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የወርቅ መስመር በሒሳብ 48 ኦም አካባቢ ይሆናል፤ ስስ ሽፋን ከጥቅጥቁ ወርቅ ይልቅ ጅረቱን ስለሚያደናቅፍ 60 ወይም 70 ባነብ አልደነግጥም። ሺህ ካነበብሁ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ በፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ፈሳሽ ውስጥ ቮልቴጁን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለስሁ ጅረቱን አያለሁ፤ በንጹሕ ወርቅ ላይ የመሄጃውና የመመለሻው ጫፎች ርቀት በንድፈ ሐሳብ 59 ሚሊቮልት ነው፣ እኔ 70 ወይም 80 ሲሆን ወደሚቀጥለው አልፋለሁ፣ 150 ሲሆን ገጹ ላይ የሙጫ ወይም የቶነር ቅሪት እፈልጋለሁ።

የመጨረሻው ፈተና መታገሥ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ስድስት ቁራጮች በጨው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ተነክረው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ በክሮም፣ ሦስቱ በድኙ ሞለኪውል የተያያዙ ናቸው፣ በየቀኑም ለአንድ ሰዓት ቮልቴጅ ይሰጣቸዋል። ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ከክሮሞቹ የአንዱ ጠርዝ መነሣት ጀምሯል፤ የድኞቹ መስመሮች ገና አልተነቃነቁም፣ ከአንዱ ላይ ግን በመጀመሪያው ቀን ያልነበረ ትንሽ እብጠት አይቼ ቦታውን በደብተሬ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ።